ለአጥቢያ ጽሕፈት ቤት የትኛውን ላፕቶፕ እንግዛ?

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የንብረት አያያዝ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ከሕንፃ ግንባታና ከውኃ ጉድጓድ ጎን ሲቀመጥ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከአጥቢያዎች በተደጋጋሚ የሚቀርብልን ጥያቄ ነው፤ “ለጽሕፈት ቤታችን ላፕቶፕ ልንገዛ ነው፤ ርካሹን እንግዛ ወይስ ጠንካራውን?” ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚወጣው ገንዘብ ከሙዳየ ምጽዋት የተሰበሰበ፣ ከእናቶች መቀነት የተፈታ ነው። በዕቃው ውስጥ የሚቀመጠውም የክርስትና፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ፣ የምእመናን ስም ዝርዝር፣ የገቢና የወጪ ሒሳብ ነው። በዚህ ግዥ የሚፈተነው ምእመናን በእኛ ላይ ያላቸው አመኔታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለቱ መደቦች

ኩባንያዎች ላፕቶፕ የሚሠሩት ለሁለት ወገን ነው፤ ለቤት ተጠቃሚና ለመሥሪያ ቤት። የምንነጋገረው ለመሥሪያ ቤት ስለሚሠራው ነው። በዚህ ውስጥም ዝቅተኛና ከፍተኛ መደብ አለ። በ1992 እ.ኤ.አ. በአይቢኤም ተጀምሮ በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ ሌኖቮ የተላለፈው ቲንክፓድ “ኢ” የሚል ፊደል ካለበት ዝቅተኛው፣ “ኤል” ከሆነ መካከለኛው፣ “ቲ” ወይም “ኤክስ” ከሆነ ከፍተኛው ነው። በኤችፒ ዘንድ ፕሮቡክ ዝቅተኛው፣ ኤሊትቡክ ከፍተኛው ነው። በዴል ላቲቲዩድ ባለ አራት አኃዙ ቁጥር በ3 ሲጀምር ዝቅተኛ፣ በ5 ሲጀምር መካከለኛ፣ በ7 ሲጀምር ከፍተኛ ነበረ፤ ኩባንያው ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዴል ፕሮ፣ ዴል ፕሮ ፕላስና ዴል ፕሮ ፕሪሚየም በሚሉ ስሞች ተክቷቸዋል። ስለዚህ ነጋዴው “ቲንክፓድ ነው” ወይም “ዴል ነው” ቢላችሁ ያ ብቻውን አይበቃም። በአንድ ስም ሥር ዋጋቸው በእጅጉ የሚራራቅ ዕቃዎች አሉና።

ተጨማሪው ገንዘብ የት ይገባል?

ብዙዎች ውድ የሆነው ላፕቶፕ የሚበልጠው በፍጥነት ይመስላቸዋል። ነገር ግን በአንድ ዘመን የተሠሩ ፕሮቡክና ኤሊትቡክ ተመሳሳይ ፕሮሰሰር ሊኖራቸው ይችላል። ደብዳቤ ለመጻፍና ሒሳብ ለመመዝገብ ሁለቱም ይበቃሉ። ተጨማሪው ገንዘብ በአብዛኛው የሚገባው በአካሉ ላይ ነው።

አንደኛው ነገር ሰውነቱና ማጠፊያው ነው። ዝቅተኛው መደብ በአብዛኛው ፕላስቲክ ይበዛበታል፤ ከፍተኛው ከማግኒዚየም ቅይጥ፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከካርቦን ፋይበር ይሠራል። ስክሪኑን የሚያያይዘው ማጠፊያ በቀጭን ፕላስቲክ ላይ ሲታሰር፣ በየቀኑ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ በቦርሳ ሲጨናነቅ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ስክሪኑ ነው። በዝቅተኛው መደብ 250 ኒት የሚባል የብርሃን መጠን የተለመደ ሲሆን በከፍተኛው 300፣ 400 እና ከዚያም በላይ ይገኛል። በቢሮ ውስጥ ልዩነቱ አያውክም፤ በድንኳን ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ተረጂዎችን ለሚመዘግብ ሠራተኛ ግን ያውካል። በሁለቱም መደብ የማይታለፈው የስክሪኑ ጥራት ነው፤ 1366 በ768 የሚለውን ትታችሁ 1920 በ1080 የሚለውን ምረጡ። ፊደላችን “ጸ” እና “ጻ”፣ “ሪ” እና “ሬ” በቅንጣት ምልክት የሚለይ ነው። ቀኑን ሙሉ ስም ሲመዘግብ የሚውል ጸሐፊ ዓይኑ ሲደክም የሰው ስም ይበላሻል።

ሦስተኛው ኪቦርዱ፣ ዋስትናውና መለዋወጫው ነው። የፈሰሰ ውኃ እንዳይጎዳው ተደርጎ የተሠራ ኪቦርድ በከፍተኛው መደብ የተለመደ ነው፤ በዝቅተኛው ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። የዋስትናው ዘመንም እንዲሁ ነው። ዋስትና ግን ዋጋ የሚኖረው እዚሁ አገር የሚቀበለው ሲኖር ብቻ ስለሆነ፣ “የት ይጠገናል? በማን ወጪ?” ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ልጨምር። ሻጮች “በአሜሪካ ጦር የጥንካሬ መመዘኛ ተፈትኗል” ይላሉ፤ ዛሬ ዝቅተኛው መደብም ይህንኑ ስለሚል በዚህ ብቻ አትምረጡ። እንዲሁም ውድ ሁሉ ለጥገና ይመቻል ማለት አይደለም። ለምሳሌ ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርቦን እጅግ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ራሙ ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ በመሆኑ በኋላ ሊጨመርበት አይችልም። ከመግዛታችሁ በፊት ራሙና ማከማቻው የሚቀየሩ መሆናቸውን ጠይቁ።

ዋጋውን በዓመት እንቁጠረው

በወንጌል ስለ ግንብ ሠሪው የተነገረውን ምሳሌ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኛም ወጪያችንን እንቁጠር። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ለስሌት ብቻ ናቸው፤ የገበያ ዋጋ ተደርገው አይወሰዱ።

ዝቅተኛው መደብ 60 ሺህ ብር፣ ከፍተኛው 108 ሺህ ብር ነው እንበል። ዝቅተኛው በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ 4 ዓመት ቢያገለግል የዓመት ዋጋው 15 ሺህ ብር ነው። ከፍተኛው 6 ዓመት ቢያገለግል 18 ሺህ ብር ይሆናል። በዚህ ስሌት ዝቅተኛው ያዋጣል። አሁን ያንኑ ዝቅተኛ ላፕቶፕ ከወረዳ ወረዳ በአውቶቡስና በሞተር ብስክሌት ለሚዞር የፕሮጀክት ሠራተኛ እንስጠው። ማጠፊያው ተሰብሮ በ3 ዓመት ቢያበቃ የዓመት ዋጋው 20 ሺህ ብር ይደርሳል፤ ርካሹ ዕቃ ውድ ሆነ ማለት ነው። ዕቃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሥራው ነው።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ከጽሕፈት ቤት ለማይወጣ የጽሕፈትና የሒሳብ ሥራ የመሥሪያ ቤት ዝቅተኛው መደብ ይበቃል፤ አጥቢያው ከዚያ በላይ እንዲከፍል አልመክርም። በየዕለቱ በመንገድ ላይ ለሚውል ሥራ ግን ከፍተኛው መደብ ቅንጦት አይደለም። ስብከት ቀርጾ ለማቀናበር የሚፈለግ ኮምፒዩተር ሌላ መመዘኛ ስላለው ለብቻው ይታይ።

ያገለገለው ከፍተኛ መደብ

ሦስተኛ መንገድም አለ። በውጭ አገር ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ኤሊትቡክ፣ ላቲቲዩድና ቲንክፓድ በብዛት ገዝተው ወይም ተከራይተው ከ3 ወይም ከ4 ዓመት በኋላ ይለቋቸዋል። እነዚህ ወደ አገራችን ገበያ ይገባሉ፤ አካላቸው ጠንካራ፣ መለዋወጫቸውም በቀላሉ የሚገኝ ነው። በጥንቃቄ ከተመረጡ ጥሩ ግዥ ናቸው። ጥንቃቄውም ይህ ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በጥቅሉ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራ የኢንቴል ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ትውልዱን ማወቅ ቀላል ነው። በእነዚህ ላፕቶፖች ላይ “አይ5-6300” ከተባለ የመጀመሪያው አኃዝ 6ኛ ትውልድ መሆኑን ያሳያል፤ “አይ5-8250” 8ኛ፣ “አይ5-10210” 10ኛ ነው። በገበያችን የሚታየው ኤሊትቡክ 840 ጂ3 6ኛ ትውልድ ነው። መልኩ ቢያምርም የአጥቢያን ሒሳብ የደኅንነት ማሻሻያ በማያገኝ ዕቃ ላይ ማስቀመጥ አይገባም።

ባትሪውንም ፈትሹ። የሊቲየም ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከተሞላና ካለቀ በኋላ አቅሙ በጉልህ ይቀንሳል። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ስለሚያወጣ፣ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና የዛሬውን አነጻጽሩ፤ መቀየር ካለበትም የባትሪውን ዋጋ በግዥው ላይ ደምሩ። በመጨረሻም የቀድሞው ባለቤት የይለፍ ቃል በባዮሱ ላይ አለመቅረቱን ባለሙያ አስነሥቶ ያረጋግጥላችሁ።

ከየትኛው መንገድ ብትገዙ ከዚህ በታች አትውረዱ፦ 8 ጊጋባይት ራም፣ ቢቻል 16፤ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፤ ዊንዶውስ 11ን በሕጋዊ መንገድ የሚቀበል ፕሮሰሰር።

በጀቱን ላፕቶፑ ብቻ አይጨርሰው

አንድ አጥቢያ የ3 ዓመት የአባላት ክፍያ የተመዘገበበት ኮምፒዩተር ዲስኩ ተበላሽቶበት አይተናል። ምእመናን “ከፍለናል” ሲሉ ጽሕፈት ቤቱ የሚያሳየው አልነበረውም። ያዳነው የደረሰኞች ቅሪትና የአንዲት ገንዘብ ያዥ የእጅ መዝገብ ነበር፤ ሁሉን መልሶ ለመጻፍም ወራት ፈጀ። ከፍተኛው መደብም ቢሆን ዲስኩ ከመበላሸት፣ ዕቃውም ከመሰረቅ አይድንም።

ስለዚህ ዝቅተኛውን መርጣችሁ ከተረፈው ገንዘብ ላይ ሁለት የውጭ ሃርድ ዲስኮች ግዙ። በየሳምንቱ ቅጂ ይወሰድ፤ አንዱ በጽሕፈት ቤቱ ካዝና፣ ሌላው ከግቢው ውጭ በታመነ ቦታ ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑን ባትሪው ያቆየዋል፤ መብራት ሲመለስ ከሚመጣው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ግን ቻርጀሩን የሚጠብቅ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። የወረቀት መዝገቡም አይቋረጥ። ጥቂት ገንዘብ ደግሞ ለጸሐፊው ሥልጠና ይመደብ።

የኮሚቴው ድርሻ

ፕሮፎርማ ከመሰብሰባችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በቃለ ጉባኤ መልሱ፦ ምን ይሠራበታል? ማን ይሠራበታል? ከጽሕፈት ቤት ይወጣል ወይስ አይወጣም? ይህ ከተጻፈ መደቡ ራሱ ይታወቃል። “ላፕቶፕ፣ ጥሩ ጥራት ያለው” የሚል መጠየቂያ አትላኩ፤ ነጋዴዎች የተለያየ ዕቃ ያቀርቡና ዋጋቸውን ማነጻጸር አይቻልም። መደቡ፣ የፕሮሰሰሩ ትውልድ፣ ራሙ፣ ማከማቻው፣ ስክሪኑና የዋስትናው ዘመን በዝርዝር ይጻፍ። ርክክብ ሲደረግ የተጻፈው ከቀረበው ጋር ይመሳከር፤ የዕቃው መለያ ቁጥር በንብረት መዝገብ ይስፈር።

አንድ ነገር አባቶቼን በትሕትና አሳስባለሁ። ጠንካራው ላፕቶፕ ለአስተዳዳሪው ወይም ለሊቀ መንበሩ ክብር ተብሎ ሲገዛ፣ በመስክ የሚዞረው ሠራተኛ ደግሞ በተሰነጠቀ ዕቃ ሲሠራ በየቦታው ይታያል። የአባቶች ክብር በላፕቶፕ መደብ የሚለካ አይደለም። ጠንካራውን መንገድ የሚወጣው ይያዘው። በአጥቢያው ገንዘብ የተገዛው ሁሉ በአጥቢያው ስም ተመዝግቦ ኃላፊው ሲለወጥ በርክክብ ይተላለፍ፤ መዝገቡ የአጥቢያው እንጂ የግለሰብ አይደለምና።

በዓመታዊው ጉባኤ አንዲት እናት ተነሥተው “ልጆቼ፣ ይህን ዕቃ በዚህ ዋጋ ለምን ገዛችሁት?” ብለው ቢጠይቁ፣ ቃለ ጉባኤውን ከፍታችሁ ምክንያቱን ልታነቡላቸው ይገባል። ርካሹንም ግዙ ውዱን፣ ይህን ማድረግ ከቻላችሁ ግዥው በአግባቡ ተፈጽሟል።

 እግዚአብሔር አገልግሎታችሁን ይባርክ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።