የካሜራ ቦርሳ ለመስክ መሐንዲስ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ መንገድ ወይም ስለ ድልድይ እንድናገር ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የምናገረው ስለ ቦርሳ ነው። ይሁን እንጂ በቦርሳ ምክንያት ደኅና ኮንክሪት እንዴት እንደሚበሳ ስለማስረዳ፣ ከሙያችን ብዙ የራቅሁ አይመስለኝም።

በእኛ ሥራ ካሜራ የመዝናኛ ዕቃ አይደለም። የመሠረት ብረት ታስሮ ኮንክሪት ከፈሰሰበት በኋላ የብረቱን ብዛትና አቀማመጥ የሚመሰክረው ከመረካከቢያው ወረቀት ጋር የተያያዘው ፎቶግራፍ ነው። እርሱም ሁለተኛ አይነሣም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት ወር ወረኢሉ አድሬ በማለዳ ወደ ቆላው ወረድሁ። ወረኢሉ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች የጥቅምት ውርጭዋ የታወቀ ነው። ካሜራው ሌሊቱን በመኪና ውስጥ አድሯል። ቦርሳውም በወፍራም ስፖንጅ የተደለደለ፣ ብዙ ገንዘብ የከፈልሁበት ነበር። ከፍታ 1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚጨምር ሁላችንም ተምረናል፤ እኔ ግን ትምህርቴን ደጋ ላይ ትቼው ወርጄ ነበር። ወንዙ ዳር ደርሼ ቦርሳውን ስከፍት፣ ስፖንጁ ካሜራውን ከመንገጫገጭ እንደ ጠበቀው ሁሉ የሌሊቱንም ብርድ ጠብቆ አድርሶልኛል። የሸለቆው እርጥብ አየር የቀዘቀዘውን ሌንስ እንደ ነካ ጤዛ ሆነበት። በመሐረብ ጠረግሁት፤ ተመልሶ ደፈነው። ኮንክሪቱ ተቦክቷል፣ ሠራተኞቹ አካፋ ይዘው ያዩኛል። እንደምንም አንሥቼ «ይፍሰስ» አልሁ።

ከወራት በኋላ በብረቱ ቁጥር ላይ ክርክር ተነሣ። ያቀረብኋቸው ፎቶግራፎች ጉም እንጂ ብረት አያሳዩም። መሠረቱ በሁለት ቦታ ተቦርቡሮ ታየና ብረቱ ሙሉ ሆኖ ተገኘ። እውነት ተናግሬ ሳለ የማስረዳበት አጣሁ፤ ብረቱን በጥንቃቄ ያሰረው አናጺም ከእኔ ጋር አብሮ ተጠረጠረ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ቦርሳ ስመርጥ አስቀድሜ የማየው በውስጡ አየር የማያስገባ የላስቲክ ከረጢት የሚበቃ ቦታ መኖሩን ነው። ካሜራው በደጋው ደረቅ አየር ከረጢቱ ውስጥ ይታሸጋል፤ ቆላ ከተደረሰ በኋላም እስኪሞቅ ድረስ አይከፈትም። ጤዛው በላስቲኩ ላይ ይቀራል። ኪሱ ውስጥ ያለ የስልክ ካሜራ ይህን ያህል አያስቸግርም፤ የሰው ገላ ያሞቀዋልና።

ስለ ልክ ከተነሣ የአገራችን ማኅደር ሰፊዎች ይበልጡናል። ማኅደር የሚሰፋው በመጽሐፉ ልክ ነው፤ መጽሐፉ ውስጡ አይዋዥቅም፣ በማንገቻውም ከግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል የወለል እርጥበት አያገኘውም። የእኛ ቦርሳ ግን «ለሌላም ዕቃ ይሆናል» እየተባለ ሰፊው ይገዛል፤ ካሜራውም በየጉድባው ከሌንሱ ጋር ሲላተም ይውላል። ቆዳውን ግን ከማኅደር አልወርስም። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ እርጥበት ባለበት ደግሞ ሌንስ ይሻግታል። በክረምት ሲሊካ ጄል የሚባለውን እርጥበት መጣጭ ፍሬ አብሮ ማኖር ይገባል፤ ሲጠግብ በሙቀት ደርቆ እንደ ገና ያገለግላል።

ወረኢሉ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የሚዘምተው ሠራዊት መክተቻ ስለነበረች፣ የጓዝ ነገር ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ጭነት በበቅሎ ጎን ሲንጠለጠል ከገደሉ ጋር እንደሚጋጭ ባለበቅሎዎቹ ሳይጠየቁ ይናገራሉ። ስለዚህ ካሜራ በሰው ጀርባ ይሁን። ግን በማን ጀርባ? አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሠራተኛው። እኛ ስንመርጥ ትከሻችንን እያሰብን ነው፤ አቀበቱን የሚወጣው ግን እርሱ ነው። የወገብ መታጠቂያ የሌለው ቦርሳ፣ ሌላው ነገሩ ሁሉ ቢያምር እንኳ፣ አልገዛም።

አሁን የምይዘውን ቦርሳ ከሸራ ያሰፋሁት በድንኳን ሰፊ ዘንድ ነው። ዋጋው የፊተኛውን እኩሌታ አይሞላም። ልኩን ለመውሰድ የሚፈልግ ቢኖር ከነጭቃው ይዤው መጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው።