አሮጌ ጎተራ ለአዲስ አገልግሎት
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ጎተራ ሲባል በኢትዮጵያ ገበሬ ዘንድ የሚታወቀው ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራው የቤተሰብ እህል ማኖሪያ ነው። ውቂያው የሚፈጸመው በበጋ ስለሆነ አውድማው ጣራ አያሻውም። በእንግሊዝ አገር ግን ከአጨዳ በኋላ የሚመጣው ወራት ዝናባማ ነው። ስለዚህ የዚያ አገር ገበሬ ነዶውንም አውድማውንም ከአንድ ታላቅ ጣራ ሥር አስገባ። በብዙዎቹ ጎተራዎች ትይዩ የሆኑ ሁለት ሰፋፊ በሮች መኖራቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በመካከላቸው የሚያልፈው ነፋስ ፍሬውን ከገለባው ይለያል። እንግዲህ የዚህ ሕንፃ ዋና ቁም ነገር ያልተከፋፈለው ሰፊ ውስጡ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ከለንደን በስተ ምዕራብ፣ በሂዝሮው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው የሃርመንድስወርዝ ጎተራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1426 ገደማ ለዊንቸስተር ኮሌጅ የተሠራ ሲሆን፣ ርዝመቱ 58 ሜትር፣ ስፋቱም 11 ሜትር ያህል ነው። ኦክ ከሚባለው ጠንካራ ዛፍ የተጠረቡት ምሰሶዎቹ በድንጋይ ላይ ቆመዋል፤ የእንጨቱም አብዛኛው ክፍል ዛሬም የመጀመሪያው ነው። እስከ 1970ዎቹ ዓመታት ድረስ ለእርሻ ሲያገለግል ቆይቶ፣ ሥራ ከፈታ በኋላ እንክብካቤ ጎደለበት። በመጨረሻም የእንግሊዝ ቅርስ ጥበቃ ድርጅት በ2011 በ20,000 ፓውንድ ገዝቶ አስጠገነው። አምስት መቶ ሃምሳ ዓመት በሥራ ላይ የጸናውን ሕንፃ፣ ሥራ መፍታት በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ለአደጋ አጋለጠው።

ጥገናው የሚጀመረው ከውሃ ነው። ክዳኑ ካፈሰሰ ወይም የምሰሶው እግር እርጥበት ካገኘው፣ ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የበሰበሰው እግር ብቻ ተቆርጦ፣ ከዚያው ዓይነት ዛፍ በተጠረበ አዲስ እንጨት ይቀጠላል፤ ደኅናው ክፍል አይነካም። ግድግዳውንም በሲሚንቶ መድፈን እርጥበትን ከእንጨቱ ጋር አብሮ መቆለፍ ነው።

ይሁንና ከጥገናው ይልቅ የሚከብደው አዲሱን አገልግሎት መምረጥ ነው። የገጠር ርስት ባለቤቶች ብዙ ጊዜ ጎተራውን መኖሪያ ቤት ማድረግ ይፈልጋሉ፤ ገቢ ስለሚያስገኝ ፍላጎታቸው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን መኝታ ቤት ግድግዳን፣ ግድግዳም መስኮትን ይጠይቃል፤ ጣራው ይበሳል፣ ወለል በወለል ላይ ይደረባል። በፍጻሜው ምሰሶዎቹ ይተርፉ ይሆናል፤ ጎተራው ግን የለም።

በኤሴክስ የሚገኘው የኮግሻል ጎተራ ሌላውን መንገድ ያሳያል። በ13ኛው መቶ ዓመት ለገዳም የተሠራው ይህ ሕንፃ ለመፍረስ ተቃርቦ ሳለ፣ ከ1983 እስከ 1985 ባለው ጊዜ ታደሰ፤ ውስጡ ሳይከፋፈል ለጎብኚና ለሕዝብ መሰብሰቢያ ዋለ። ሙቀት የሚሻ ክፍል በግድ ካስፈለገ፣ ከምሰሶዎቹ ሳይጣበቅ ራሱን ችሎ የሚቆምና ነገ ሊነሣ የሚችል ትንሽ ክፍል በውስጡ መሥራት ይቻላል።

ስለዚህ ባለሙያው ንድፍ ከማውጣቱ በፊት ለባለቤቱ ሊያቀርበው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሕንፃው ሳይቆራረጥ ሊሸከመው የሚችለው ሥራ የትኛው ነው የሚለው ነው። ለተፈለገው ሥራ ጎተራው የማይመች ሲሆን፣ ሥራውን ወደ ሌላ ቤት መውሰድ ጎተራውን ከመቆራረጥ ይሻላል። ይህንንም ለባለቤቱ በግልጽ መንገር፣ ክፍያ የሚያስቀር ቢሆንም እንኳ፣ የሙያው ግዴታ ነው።