ከብድሬ እስከ ሮቤ፦ የማትሪክ ነገር



ከመንገድ ልጀምር። ብድሬ የመደ ወላቡ ወረዳ ከተማ ናት። እዚህ ሮቤ ያለው ዩኒቨርሲቲም ስሙን የወሰደው ከዚያው ነው። ስሙ ይቅረብ እንጂ የብድሬ ልጅ እዚህ ለመድረስ ደሎ መናን አልፎ፣ የሐረናን ጫካ አቋርጦ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ሳኔቲ ወጥቶ ወደ ጎባ መውረድ አለበት። የቆላ ልጅ፣ በስስ ሹራብ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ፈተና፣ የማትሪክ ወረቀት ግን ለእሱም ለአዲስ አበባው ልጅም አንድ ነው።

ማትሪክ በንጉሡ ዘመን ሲጀመር ሥራው ማበጠር ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ፈተናው በ10ኛና በ12ኛ ክፍል ተከፈለ፤ ኋላም የ10ኛው ቀረ። ወንፊትነቱ ግን አልተለወጠም። ስንዴ ያበጠረ ሰው ያውቀዋል፤ ወንፊት ደቃቁን ከወፍራሙ ይለያል፣ ማሳው ዝናብ ማግኘት አለማግኘቱን አይናገርም።

በ2008 ይህ የወንፊት ጉድለት አፍጦ መጣ። በኦሮሚያ በወቅቱ በነበረው ሕዝባዊ ተቃውሞ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተው ነበር፤ ፈተናው ግን በቀኑ ሊሰጥ ሆነ። ግንቦት ላይ የእንግሊዝኛው ወረቀት በፌስቡክ ወጣ፤ ከ250,000 በላይ ተማሪ የሚጠብቀው ፈተና ተሰረዘ። ስርቆቱን አላወድስም። ያልተማሩትን ተፈተኑ የተባሉት ልጆች ቅሬታ ግን እውነት ነበር።

ከዓመታት በኋላም መንግሥት መላ ያለው ኩረጃን ማስቆም ነበር፤ በጥቅምት 2015 ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባ። ኩረጃው ቀነሰ፣ ጉዱም ወጣ። ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ልጅ በአማካይ 25 ከመቶ ያገኛል። እንግዲህ 28 ያመጣውና 25 ያመጣው በምን ይለያያሉ? አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ሲወድቅስ የተፈተነው ማን ነው፤ ልጁ ወይስ ቤተ ሙከራ የሌለው ክፍሉ? ውጤቱ የተለጠፈው ግን በልጁ ስም ነው።

መንግሥት ራሱ በዚያው ዓመት ከወደቁት መካከል መቶ ሺህ ገደማ መርጦ የማካካሻ ትምህርት (ሪሜዲያል) አስገባ። እሱን ያለፉት ኋላ ማትሪክን በቀጥታ ካለፉ ተማሪዎች ጋር አንድ ክፍል ተቀምጠው ተማሩ።