አንድ አዛዥ፣ አምስት ታዛዦች
በኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ የዒላማ ማስተባበሪያ ተቀጽላ ፕሮግራም አሠራርና ለምሕንድስና ሙያ የሚሰጠው ትምህርት



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ጨዋታ ይነገራል ሲባል ርዕሱን እንደ ዋዛ የሚመለከት አይጠፋም። ሆኖም ሁለት ሰዎች ገበጣ ሲጫወቱ ልብ ብሎ ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጠጠሩን ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ የሚያዛውረው እጅ ቢሆንም አሸናፊውን የሚለየው ጠጠሩ የት እንደሚያርፍ ቀድሞ የሚያሰላው አእምሮ ነው። በዘመናችን በኮምፒዩተር የሚካሄዱት ጨዋታዎችም የስሌት፣ የቁጥጥርና የመገናኛ ችግሮችን በአንድነት ይዘው ስለሚገኙ የሙያው ሰው ሊመረምራቸው ይገባል።

ከእነዚህ ችግሮች አንዱ የዚህ ንግግር ርዕስ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ብዙ ገጸ ባሕርያትን በአንድ ጊዜ ሲያዝ፣ ሁሉም በአንድ ዒላማ ላይ እንዲያተኩሩ የሚያደርገው ተቀጽላ ፕሮግራም ነው። ጥያቄው ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው፣ አንድ ትእዛዝ ለብዙ ታዛዦች ያለ ስሕተት እንዴት ይደርሳል የሚለው ነው። ሁለተኛውና ክብደት ያለው ደግሞ፣ መሣሪያው ሰውን ማገዙን ትቶ በሰው ምትክ መወሰን የሚጀምረው የት ላይ ነው የሚለው ነው።

የችግሩ መነሻ

ለምሳሌነት የሚበቃው ብሊዛርድ ኢንተርቴይንመንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 ለገበያ ያቀረበው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተሰኘ ጨዋታ ነው። በዚህ ጨዋታ መደበኛው ቡድን አምስት ገጸ ባሕርያት አሉት። አንዱ የጠላትን ምት እንደ ጋሻ ይቀበላል፤ አንዱ የቆሰሉትን ይፈውሳል፤ ሦስቱ ያጠቃሉ። በተለመደው አሠራር አምስት ሰዎች በየቤታቸው ተቀምጠው በኢንተርኔት አማካይነት ይተባበራሉ። አንዳንድ ተጫዋቾች ግን አምስቱንም ሥራ ብቻቸውን ለመወጣት ይመርጣሉ። ለዚህም አምስት አካውንት ይከፍታሉ፤ ጨዋታውንም በአምስት መስኮቶች ወይም በአምስት ኮምፒዩተሮች ላይ በአንድ ጊዜ ያስኬዳሉ። ይህ ልማድ በተጫዋቾች ዘንድ መልቲቦክሲንግ ይባላል። ርካሽ አይደለም፤ በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት የቆየው የአንድ አካውንት የወር ክፍያ 14.99 ዶላር በመሆኑ፣ አምስቱ በወር 74.95 ዶላር ያስወጣሉ።

ዒላማን አንድ ማድረግ ለምን እንደሚያስፈልግ በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ሦስት ጠላቶች አሉ እንበል፤ እያንዳንዱ 1200 ነጥብ የሚያህል ሕይወት አለው፤ በየሴኮንዱም 50 ነጥብ ጉዳት ያደርሳል። ሦስቱ አጥቂዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው በሴኮንድ 100 ነጥብ ይመታሉ። አጥቂዎቹ ተበታትነው አንድ አንድ ጠላት ቢይዙ ሦስቱም ጠላቶች በ12ኛው ሴኮንድ ላይ ይወድቃሉ፤ እስከዚያው ቡድኑ 1800 ነጥብ ጉዳት ይቀበላል። ሦስቱ በአንድ ጠላት ላይ ቢያብሩ ግን የመጀመሪያው በ4ኛው፣ ሁለተኛው በ8ኛው፣ ሦስተኛው በ12ኛው ሴኮንድ ይወድቃል፤ ቡድኑ የሚቀበለው ጉዳትም 1200 ነጥብ ብቻ ይሆናል። ጊዜው አንድ ዓይነት፣ ጉልበቱም አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ከጉዳቱ አንድ ሦስተኛው ይቀራል። አባቶች «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ኃይልን በአንድ ቦታ የማተኮርን ጥቅም እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1916 በሒሳብ ቀመር አስቀምጦታል።

የአሠራሩ ዝርዝር

እንግዲህ አምስቱን ገጸ ባሕርያት በአንድ ዒላማ ላይ ማዋል የሚቻለው እንዴት ነው? የመጀመሪያው ሐሳብ፣ ቅርብ ያለውን ጠላት የሚመርጠውን ቁልፍ በአምስቱም መስኮቶች መጫን ነው። ይህ ግን አይሠራም። አምስቱ ገጸ ባሕርያት የቆሙበት ቦታና ፊታቸውን ያዞሩበት አቅጣጫ ስለሚለያይ፣ ለአንዱ ቅርብ የሆነው ጠላት ለሌላው ቅርብ አይደለም። አንድ ዓይነት ትእዛዝ በተለያየ ሁኔታ ላይ ላሉ ተቀባዮች ሲሰጥ የተለያየ ውጤት ያስገኛል፤ ይህም የቁጥጥር ምሕንድስና የታወቀ እውነት ነው።

ስለዚህ መፍትሔው መሪ መሰየም ሆነ። ጨዋታው ራሱ «ርዳ» የሚል ትርጉም ያለው ትእዛዝ አለው፤ ይህ ትእዛዝ ገጸ ባሕርዩ ስሙ የተጠራውን ጓደኛውን ዒላማ እንዲወርስ ያደርጋል። ተጫዋቹ በመሪው መስኮት ጠላቱን ይመርጣል፤ አራቱ ተከታዮች ከመምታታቸው በፊት የመሪውን ዒላማ ይወስዳሉ። ተቀጽላው ፕሮግራም የሚያከናውነውም ይህንኑ ማስተባበር ነው። መሪው ማን እንደሆነ ለአምስቱም ያሳውቃል፤ በየገጸ ባሕርዩ ማክሮ ውስጥ የመሪውን ስም ያስገባል፤ መሪው ሲለወጥም ስሙን በየቦታው በእጅ ከማረም ድካም ያድናል።

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ሦስት እንከኖች አሉት።

ሀ) መዘግየት፦ መሪው ዒላማውን ሲለውጥ ዜናው ለተከታዮቹ የሚደርሰው በሰርቨሩ በኩል ዞሮ ነው። ተጫዋቹ ዒላማ እንደ መረጠ በዚያው ቅጽበት የማጥቂያውን ቁልፍ ቢጫን ተከታዮቹ የሚመቱት የቀድሞውን ዒላማ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ድግምት ከተጀመረ በኋላ ሌላውን ለመጀመር 1.5 ሴኮንድ ያህል መጠበቅ ግድ ስለሆነ፣ የአንዲት ቅጽበት ችኮላ በሦስት አጥቂዎች ተባዝታ ትከፈላለች።

ለ) የወዳጅና የጠላት መቀላቀል፦ መሪው የቆሰለ ጓደኛውን መርጦ ሳለ «ርዳ» የሚለው ትእዛዝ ቢተላለፍ ተከታዮቹም ያንኑ ወዳጅ ይመርጣሉ። ስለዚህ በማክሮው ውስጥ «ዒላማው ጠላት ከሆነና በሕይወት ካለ ብቻ» የሚል ሁኔታ መጨመር ያስፈልጋል።

ሐ) የመሪው መውደቅ፦ መሪው ከሞተ የዒላማው ሰንሰለት ከሥሩ ይበጠሳል። አራት ጤነኛ ተከታዮች ዐይናቸው እንደ ጠፋ ያህል ይቆማሉ። ሥርዓቱ በሙሉ በአንድ ነጥብ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ለሦስተኛው እንከን የተገኘው መፍትሔ ልብ ሊባል ይገባል። ሺፍት፣ ኮንትሮልና አልት የሚባሉት ሦስት ቁልፎች ብቻቸውን ወይም ተጣምረው ሲጫኑ ሰባት የተለያዩ ምልክቶች ይሰጣሉ፤ ከእነዚህ አምስቱን ለአምስቱ ገጸ ባሕርያት በመመደብ፣ የትኛው መሪ እንደሆነ በየምቱ ማመልከት ይቻላል። አንዱ መሪ ቢወድቅ ተጫዋቹ ጣቱን ወደ ሌላው ምልክት ያዛውራል። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ምክር ተፈጸመ ማለት ነው።

የተከለከለው ድንበር

እዚህ ላይ አድማጭ ሊጠይቅ ይችላል፤ ተቀጽላው ፕሮግራም መሪው መሞቱን አይቶ ሌላ መሪ ራሱ ለምን አይሾምም? መልሱ፣ በጨዋታው ሠሪዎች ሆን ተብሎ ስለ ተከለከለ የሚል ነው።

የዚህ ጨዋታ ተቀጽላዎች የሚጻፉት እ.ኤ.አ. በ1993 ብራዚል ውስጥ በሪዮ ዲ ጃኔሮ ጳጳሳዊ ካቶሊካዊ ዩኒቨርሲቲ በተፈጠረው ሉዋ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተቀጽላዎች ሰፊ ሥልጣን ነበራቸው። ለምሳሌ ዲከርሲቭ የተባለው ተቀጽላ፣ ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር የቡድኑን አባላት ፈትሾ፣ መርገም ወይም መርዝ የያዘውን ለይቶ፣ ተገቢውን ፈውስ በራሱ ምርጫ ያደርስ ነበር። ተጫዋቹ ማን እንደታመመ ማየት እንኳ አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 የወጣው ቁጥር 2.0 የተባለው ማሻሻያ ይህን በር ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ዒላማ መምረጥና ድግምት መፈጸም የተጠበቁ ተግባራት ሆኑ፤ የሚፈጸሙትም ሰው ቁልፍ ሲጫን ብቻ ነው። የተጠበቁት አዝራሮች ውጊያ ከመጀመሩ በፊት ሊዘጋጁ ይችላሉ፤ ውጊያው ከተጀመረ በኋላ ግን ተቀጽላው ሊለውጣቸው አይችልም።

የዚህ ውሳኔ ፍሬ ነገር ጥልቅ ነው። መሣሪያው መረጃ ያሳይ፣ ትእዛዝ ያዘጋጅ፣ መልእክት ያድርስ፤ ማንን መምታት ወይም ማንን መፈወስ እንደሚገባ ግን ሰው ይወስን የሚል ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባልደረቦች የነበሩት ቶማስ ሸሪዳንና ዊልያም ቨርፕላንክ እ.ኤ.አ. በ1978 በሰውና በኮምፒዩተር መካከል ያለውን የሥራ ክፍፍል በአሥር ደረጃዎች ከፍለውት ነበር። በመጀመሪያው ደረጃ ሰው ሁሉንም ይሠራል፤ በአሥረኛው ኮምፒዩተሩ ሰውን ሳይጠይቅ ይወስናል፣ ይፈጽማልም። የ2006ቱ ማሻሻያ በዚህ መሰላል ላይ የተሠራ አጥር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ያም ሆኖ አጥሩ ከጨዋታው ውጭ ያለውን መንገድ አልዘጋም። ተጫዋቾች አንድ የቁልፍ ምት በአምስቱም መስኮቶች እንዲደገም የሚያደርጉ ሌሎች ፕሮግራሞችን ይጠቀሙ ነበር። በዚህ ዘዴ አንድ ጣት ሲንቀሳቀስ አምስት ገጸ ባሕርያት ይንቀሳቀሳሉ። ተከራካሪዎች «ውሳኔው የሰው ነው፤ ምቱም አንድ ለአንድ ነው» ይሉ ነበር፤ ኩባንያውም ለብዙ ዓመታት ፈቅዶት ቆይቷል። ሆኖም በሌላው ወገን ያለው ሰው የሚያየው ሌላ ነገር ነው። እንደ ሌላው ሁሉ የአንድ ሰው ክፍያ ከፍሎ የገባ ተጫዋች፣ አምስት መብረቅ በአንድ ቅጽበት ወርዶበት ሲሞት፣ የተሸነፈው በብልሃት ሳይሆን በብዜት ነው። አምስት ሰዎች እንዲያ ለመናበብ ልምምድና መተማመን ያስፈልጋቸዋል፤ የሚደግመው ፕሮግራም ግን ይህን ድካም በነጻ ይሰጣል።

የአይስላንዱ ሲሲፒ ኩባንያ ኢቭ ኦንላይን በተባለው ጨዋታው ይህን የምት ማባዛት ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከለከለ። ብሊዛርድም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ተከተለ፤ ምክንያቱንም ሲገልጽ እነዚህ ፕሮግራሞች ሰው አልባ ለሆነ ጨዋታ መሣሪያ መሆናቸው እየበዛ መምጣቱን አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ2021 ክልከላው ምትን የሚያባዙ መሣሪያዎችንም እንዲጨምር ተደረገ። ብዙ አካውንት መያዝ ግን በራሱ ጥፋት አልተባለም። የተነቀፈው ብዛቱ ሳይሆን ያለ ጥረት መባዛቱ ነው።

ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ክርክር በፍርድ ቤትም ታይቷል። ግላይደር የተባለው ፕሮግራም ተጫዋቹ በሌለበት ገጸ ባሕርዩን የሚያጫውት ነበር። በአሜሪካ የ9ኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 በሰጠው ፍርድ፣ የጨዋታውን ደንብ መጣስ ብቻውን የቅጂ መብት መድፈር አይደለም አለ፤ የጨዋታውን የመከላከያ ሥርዓት የሚያልፍ መሣሪያ መሸጥን በሚመለከት ግን በፕሮግራሙ ባለቤት ላይ የተሰጠውን ውሳኔ በከፊል አጸና።

ለሙያው የሚሰጠው ትምህርት

ክቡራን አድማጮች፤ ይህ ሁሉ በጨዋታ ሜዳ የሚቀር ነገር አይደለም። አንድ ሠራተኛ ከአንድ ክፍል ተቀምጦ ብዙ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያዎችን፣ ብዙ የውሃ ፓምፖችን ወይም ብዙ ሰው አልባ በራሪዎችን በሚያዝበት ዘመን፣ የዒላማ ጥያቄ የሕይወትና የሞት ጥያቄ ነው። በጨዋታ ውስጥ የተሳሳተ ዒላማ 1.5 ሴኮንድ ያስከፍላል፤ በማከፋፈያ ጣቢያ የተሳሳተ ማቋረጫ ቢዘጋ ግን በመስመሩ ላይ የሚሠራ ሰው ሊሞት ይችላል።

ስለሆነም በኤሌክትሪክ መረብ ቁጥጥር ውስጥ «መጀመሪያ ምረጥ፣ ከዚያ ፈጽም» የሚባለው ሥርዓት ተሠርቶበታል። ሠራተኛው ማቋረጫውን ይመርጣል፤ በጣቢያው ያለው መሣሪያ የተመረጠው እርሱ መሆኑን በመልስ ያረጋግጣል፤ የመፈጸሚያው ትእዛዝ የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው። በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ትእዛዙ ካልመጣ ምርጫው ይሰረዛል። የጨዋታው ተጫዋች የመሪውን ዒላማ መርጦ ተከታዮቹ መውረሳቸውን ሳያይ እንዳይመታ የሚማረው ትምህርትና ይህ ሥርዓት የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

በዚህ መሠረት አንድን ትእዛዝ ለብዙዎች የሚያደርስ ሥርዓት የሚነድፍ መሐንዲስ ሦስት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ሥራውን ሊያስረክብ አይገባውም። አንደኛ፣ ታዛዦቹ ሁሉ ዒላማውን በትክክል መያዛቸው ከመፈጸሙ በፊት የሚረጋገጠው በምንድን ነው? ሁለተኛ፣ መሪው ቢወድቅ ሥርዓቱ የሚያርፍበት ሁለተኛው ባላ የት አለ? ሦስተኛ፣ ውሳኔው የማን ነው፤ ጉዳቱስ የሚደርሰው በማን ላይ ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ በሠንጠረዥና በቀመር አይመለስም። አንድ ትክክለኛ ትእዛዝ አምስት ጊዜ ሲባዛ አምስት እጥፍ ይጠቅማል፤ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝም ሲባዛ ጥፋቱ በዚያው ልክ ይበዛል። መሣሪያው ሁለቱን ለይቶ አያውቅም። የሚለየው ሰው ነው፤ ስለዚህም ሰው ለማየት፣ ለማሰብና ለማቆም የሚበቃ ጊዜ በሥርዓቱ ውስጥ ሊተውለት ይገባል። ያን ጊዜ ለፍጥነት ሲል የሚሰርዝ ንድፍ የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፣ የታዛዦችን ቁጥር ጨምሮ አዛዡን ያጎደለ ንድፍ ነው።