ዘመድ የሌለውን ማን ይይለት?



ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ እዚህ ዘመድ የለውም። ወባ ወይም ካላዛር ሲጥለው የሚያይለት የሥራ ጓደኛው ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው በገላባት በኩል የገቡ እናቶችና ሕፃናት አሉ። ስለነዚህ ሰዎች ለፖሊስ የሚያመለክት ዜጋ «ምኑ ነህ?» ተብሎ መመለስ የለበትም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ የተወውን ሲቀጣ ዝምድና አይጠይቅም። እርግጥ ነው፣ መኪናና ነዳጅ ያልተሰጠው ፖሊስ በረሃ ውስጥ ያለ እርሻ ድረስ በእግሩ ሂድ አይባልም።

ብንመረጥ የማንኛውም ሰው ጥቆማ በመዝገብ ይሰፍራል፤ ፖሊስ በዚያው ዕለት ከጤና ባለሙያ ጋር ይወጣል፤ ታማሚው ወደ ጤና ጣቢያ እንጂ ወደ እስር ቤት አይወሰድም።