መዝገቦች ሲዋሐዱ የሚነሣው የመለያ ቁጥር ግጭት



በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 መሠረት ቀበሌዎች ከተቋቋሙ ወዲህ የከተማ ቤት በቀበሌና በቤት ቁጥር ሲታወቅ ኖሯል። እያንዳንዱ ከተማ ቁጥሩን ከአንድ ስለሚጀምር፣ «ቀበሌ 01፣ የቤት ቁጥር 125» የሚለው አድራሻ ሆሳዕና ላይ አንድ ቤት፣ ዱራሜ ላይ ደግሞ ሌላ ቤት ሊያመለክት ይችላል። መዝገቦቹ በየመደርደሪያቸው ሳሉ ጠብ የለም። በአንድ ኮምፒዩተር ሲዋሐዱ ግን መሣሪያው ኋለኛውን አልቀበልም ይላል፤ ወይም የፊተኛውን ደምስሶ በቦታው ይጽፈዋል። እምቢታው ይሻላል፤ ስሕተቱን ይናገራልና። የጤና ጣቢያ ካርዶች በዝምታ ቢደራረቡ የአንዱ ሕመምተኛ የደም ዓይነት በሌላው ስም ይገኛል።

ስምን መለያ ማድረግ አያዋጣም። የሰው ስም እስከ አያት ድረስ ይመሳሰላል፤ ሆሳዕና ራሷ እንኳ በ«ዕ»ም በ«እ»ም ትጻፋለች። የክልልን ምልክት ከቁጥሩ ፊት መለጠፍም ዕድሜው አጭር ነው፤ በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሁለቱም ከተሞች ከደቡብ ክልል ወጥተዋልና።

የሚበጀው ለእያንዳንዱ መዝገብ ምንም ትርጉም የሌለው አዲስ ቁጥር መስጠት፣ የምንጩን መሥሪያ ቤትና የቀድሞውን ቁጥር በጎኑ ማኖር፣ የእነዚህም ጥምረት እንዳይደገም መከልከል ነው። ባለ12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ሰውን ይለያል፤ ቤትንና መሬትን ግን አይለይም። የቀድሞው ቁጥርም መጣል የለበትም፤ የዶዮገና ገበሬ ይዞት የሚመጣው የይዞታ ደብተር የሚያሳየው እርሱኑ ነው።