ስለ ሐይቅ ዓሣ የተደረገ ንግግር



ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ባለበት በሐይቅ ባሕር፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ቀድሞ አልነበረም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ውሃ መጥቶ የገባ ነው።

እናቲቱ ቆሮሶ እንቁላሏንና ግልገሎቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፤ በዚያም ጊዜ ምግብ አትበላም (ጾመኛ ናት ማለት ይቻላል!)። ስለዚህ በመንጠቆው ሊጥ ወይም የምድር ትል ሰክቶ ከዳር የሚቀመጥ ሰው እርሷን እምብዛም አያገኛትም። ዓይነ ጠባብ መረብ ግን እናቲቱንም በአፏ ያሉትንም ጠርጎ ያወጣል።

አምባዛ የሚሻ ሲመሽ መንጠቆውን እስከ ጭቃው ያውርድ።

መረብ ይቅር አልልም፤ በዓሣ የሚተዳደር ቤተሰብ በመንጠቆ ብቻ አይኖርም። ነገር ግን መረብ የምትገዙ ወላጆች ካላችሁ፣ ሒሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት ዓይኑን በጣታችሁ ለክታችሁ ትንሹ ዓሣ የሚያልፍበትን ምረጡልን።